የወሰኑ ጥድና የማርያም ደወል ቤት

እኔ አድማሴ ቢተው፣ በቦረና ወረዳ ከመካነ ሰላም ማዶ የምኖር ገበሬ፣ ዛሬ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. ይህን ቃሌን ስሰጥ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ከእኔው ጋር ነው። መምሬ ፈንታሁን ይጻፉልኝ፤ የተቀመጣችሁም ስሙኝ።

በሬዎቼና የቆላው ማሳ ይዞታ የልጄ የቢሻው ይሁን፤ ሲጦረኝ ኖሯል። ቤቱና ጓሮው የባለቤቴ የየሻለም ነው። «ጠባይህ ኮሶ ነው» እያለች እስከ ዛሬ ችላኛለችና ማንም እንዳያስነሣት።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልግባ። አምና የማርያም ደወል ቤት መታደስ ሲጀምር፣ ጎረቤቴ ግንበኛው ሙሐሲን ደግፎ ወደ ላይ አወጣኝ። ደወሉን የተሸከመውን የጥንት ግንድ አየሁት። ምስማር የለበትም፤ የመጥረቢያው ጠባሳ ግን ትናንት የተጠረበ ይመስላል። የጠረቡት ሰዎች ስማቸውን እንኳ አልተዉም። እጄን ብጭንበት ፈራሁ፤ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ዳሩ ግን የግንዱ ልብ በስብሷል።

ደወሉ ወርዶ በባላና በወጋግራ ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ቀን ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ ማንም ሳይነካው አብሮ አዜመ። ካህናቱም እኛም አማተብን። ሙሐሲን ብቻ፣ «አላህ ያውቃል፤ ቦታዬን መልሱልኝ እያለ ነው» አለ።

ያን ግንድ የሚተካ ረጅምና ቀጥ ያለ ጥድ ባገሩ አንድ ነው፤ እሱም በእኔና በወንድሜ በአስናቀው ወሰን ላይ የቆመው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ስንካሰስበት ኖርን። አንዱ ዳኛ ለእኔ ፈረደ፣ ሌላው ለእሱ፤ ጥዱ እያደገ እኛ አረጀን። ክርክር ያለበት እንጨት ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ አባቶች ያቆዩት ሥርዓት ነው። ስለዚህ እኔ ብቻዬን ብሰጥ ምንም አልሰጠሁም።

ወንድሜ አስናቀው፣ ስጠራህ ስለመጣህ እግዜር ይስጥህ። የእኔን ድርሻ ለማርያም ሰጥቻለሁ። ያንተን አንተ ታውቃለህ፤ አልለምንህም፣ ብለምንህ እምቢ ትላለህ። ቢሻውም ከእንግዲህ በዚህ ጥድ አጎቱን ቢከስ እርግማኔ ይድረሰው።

ቃሌ ይህ ነው፤ ተነብቦልኝ ልክ ነው ብያለሁ።

አድማሴ ቢተው (የጣት አሻራ)

ምስክሮች፦
ሙሐሲን እንድሪስ፣ ግንበኛ (ፊርማ)
እንዳልካቸው ጌጤ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል (ፊርማ)
አስናቀው ቢተው፣ ወንድም (የጣት አሻራ)

አስናቀው አሻራውን ካሳረፈ በኋላ ጻፉልኝ ብሎ ያስጨመረው፦ «እኔም ድርሻዬን ሰጥቻለሁ። ግንዱ ሲነሣ አንዱን ጫፍ እኔ እሸከማለሁ፤ አድማሴም መሞቱን ትቶ ሌላውን ጫፍ ይያዝ።»