ያለ ቅባት አትድንም

ኅዳር ፲፮፤ ማለዳ

ቀለሙ ዛሬም ረግቶ አደረ። የቀለሙን ቀንድ ብብቴ ሥር ወትፌ እያሞቅሁ ነው። እስኪፈታ ካንቺ ጋር ላውጋ፣ አንቺ ቁራጭ ብራና። ከምጽፈው ዳዊት ጠርዝ የተረፍሽ ነሽ። ለጸሎት አልበቃሽም፤ ለእኔ ወሬ ትበቂያለሽ።

ውርጩ የደጁን ሣር አንጥቶታል። ደብረ ብርሃን በዚህ ወር ሰው የሚኖርባት አትመስልም።

ሚስቴ አስካለ (ቦታ የለሽም፤ ከእንግዲህ አ. እላታለሁ) እሳቱ ዳር ጥጥ ትፈትላለች። ለሚወለደው ልጅ መጠቅለያ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቀን ይኸው ስምንት ወሯ። ፈተለች፤ ቆመች። ፈተለች፤ ቆመች። ጥጡ የጣቷ ንቃቃት ውስጥ እየገባ ይያዛል። ክሩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እሷም እንዳላየሁ አድርጋ ቀጠለች።

ኅዳር ፲፰

ትናንት የኑግ ዘይት አሸሁላት። አቃጠላት። ተልባ ቀቅዬ ለብ ሲል እጇን ነከርሁላት። ደኅና ነው፣ ያለሰልሳል፤ ጧት ግን ውርጩ መልሶ ይሰነጥቀዋል።

ቅቤ ልቀባሽ ብላት ዐይኗ ፈጠጠ። በጾመ ነቢያት! መቀባት መብላት አይደለም አልኋት። ታዲያ ትናንት የቀባኸኝ ዘይት የት ገባ? አለች። ቆዳዬ አይደል የበላው? ሃያ ዓመት መጽሐፍ ስጽፍ ኖሬ፣ ቅቤውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ቀትር ላይ የልቧን ተናገረች። ፈርታለች። በዚህ እጅ ሕፃን አይነካም፣ ይቧጠጣል አለች። ልጄ በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚያገኘው ሻካራ ነገር እኔ ልሁን? አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የነፍስ አባታችን ካልፈቀዱ ቅቤ አልነካም ብላለች። እሳቸው ደግሞ ለወር አንኮበር ወርደዋል።

ኅዳር ፲፱

ጻፍሁላቸው። ጎረቤታችን ደብተራው ነገ ወደዚያ ይሄዳል፤ ለእሱ ሰጠሁት። በጾም ቅቤ ብዬ ለካህን መጻፉ አሳፈረኝ፤ ስለዚህ «ቅባት» አልሁት። ካንቺ ሌላ የነበረችኝ ብራናም ጣት የምታህል ናት። እንዲህ አልሁ፦ «አባቴ፣ ባለቤቴ ያለ ቅባት አትድንም። ምን ይላሉ?»

አጭር፣ ጥርት ያለ። ረካሁ።

ኅዳር ፳፪

ምን ነካኝ! ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ትናንት በጽዮን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ማንም አልተጠጋኝም። ሰላም ስል ፊት ያዞራሉ። ኋላ ሰማሁ። ደብተራው ብራናዬን ሳይሄድ ከፍቶ አንብቦታል፤ አንብቦም ላገኘው ሁሉ አውርቷል። ቅባት የተወገዘው ትምህርት ስም መሆኑን በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? ያለ ቅባት አትድንም ማለቴን፣ ያለዚያ ሃይማኖት ነፍሷ አትድንም ያልሁ አድርጎ ወሰደው። እኔ እኮ ስለ ጣቷ ነው የጻፍሁት!

የደብሩ አለቃ ዘንድ ሄጄ ማልሁ፣ ተገዘትሁ። አላመኑኝም፣ አላባረሩኝምም። መልሱ ከአንኮበር እስኪመጣ ለቤተ ክርስቲያኑ የምትጽፈውን ዳዊት እዚሁ አስቀምጥ አሉኝ። ስወጣ አንዱ ቄስ በሹክሹክታ፣ ነገሩ ካልጠራ ልጅህን ማን ያጠምቅልሃል? አለኝ። ይህን ለአ. አልነገርኋትም።

ኅዳር ፳፬

ነገሯት። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የጥምቀቱን ነገር ወንዝ ዳር ነግረዋት መጣች። አላለቀሰችም። እንስራዋን አወረደችና እጇን እሳቱ ላይ ዘረጋች።

ታኅሣሥ ፪

መልስ የለም። የቀኝ አውራ ጣቷ እስከ ሥጋው ተሰንጥቋል። መፍተል ትታለች። ጣቶቿን ይዤ እፍ እፍ እላለሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ዛሬ ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ፣ መናፍቁ፣ እስቲ ውሃ አቀብለኝ አለችኝ። ሳቅን። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯም ተሰንጥቆ ደማ። እግዜር ያሳይሽ፣ ይህቺን ሴት እንዴት አልወዳት?

ታኅሣሥ ፭

መጣ! ሁሉን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ደብተራው መልሱን ይዞ በቀጥታ አለቃ ዘንድ ገባ። ተጠራሁ። አ. እመጣለሁ አለች። በዚያ ሆዷ ዳገቱን ወጣች። አለቃ የእኔኑ ብራና ገልብጠው አነበቡ። በጀርባው ሁለት ቃል ብቻ፦ «ቅባት፤ ትድናለች።»

ፊታቸው ጠቆረ። ደብተራው፣ አላልኋችሁም! አለ።

አ. ደጁ ላይ ከቆሙት ሴቶች መሐል ወጣች። እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ በአለቃ ፊት ዘረጋች። «ነፍሴስ ደኅና ናት አባቴ፤ እጄን ነው ያመመኝ» አለች።

አለቃ አዩ። ወደ ብራናው ተመለሱ፣ እንደገና ወደ እጇ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ አንተ ደንቆሮ፣ ይህ እኮ ስም አይደለም፣ ትእዛዝ ነው፤ አንተን ነው የሚያዙህ፣ እሷን ቅባት! ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። የነፍስ አባታችን ለእሷ ፈቃድ፣ ለእኔ ትእዛዝ፣ ለሁለታችንም በአንድ ቃል መለሱልን። ደብተራው መቋሚያውን ፍለጋ አጎንብሶ ቀረ።

ዳዊቱን መለሱልኝ። ለጥምቀት በዓል ይድረስ አሉኝ።

ታኅሣሥ ፮፤ ማለዳ

ቀባኋት። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አጠብሁ፤ ሳላሽ በጨርቅ ጫን ጫን እያልሁ አደረቅሁ። ቅቤውን መዳፌ ላይ አቀልጬ ጣት በጣት፣ ንቃቃት በንቃቃት አስገባሁ። በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልሁላት። ዐይኗን ጨፍናለች። የፍየልን ቆዳ ግራ ቀኙን አውቀዋለሁ፤ የሚስቴን መዳፍ ግን በዐሥራ ሁለት ዓመት ዛሬ ገና አየሁት። አፈርሁ።

ታኅሣሥ ፲

ቅቤና ብራና አይዋደዱም። በእንዶድ እታጠባለሁ፣ በአመድ እፈትጋለሁ፤ ከጥፍሬ ሥር አይለቅም። በነካሁት ቦታ ቀለሙ ይሸሻል። የዳዊቱን አንድ ቅጠል አበላሸሁ። የጎረቤት ሴት ትቀባኝ አለች አ.። አይሆንም አልሁ፤ የታዘዝሁት እኔ ነኝ።

አለቃ ዘንድ ሄድሁ። ዳዊቱ ለጥምቀት አይደርስም፣ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ አልሁ። ለሴት እጅ ብለህ ዳዊትን ትተዋለህ? አሉኝ። አዎ አልሁ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥሁ። አዩኝና ሂድ አሉኝ። ተቆጥተው ይሁን ባርከውኝ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ታኅሣሥ ፲፪፤ ማለዳ

አሁን ቀባኋት። አውራ ጣቷ ገጥሟል። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፣ ሳትፈራ። የእኔንም ወስዳ ደረበችበት። ውስጥ ያለው ሁለታችንንም ረገጠን። ይህን ልጽፍ ስሮጥ አልታጠብሁም፤ ፊደሉ አልይዝ እያለኝ ነው፣ ቀለሙ ይንሸራተታል። ይሁን። እስክትወልድ ብዕር አላነሳም። እጄ የእሷ ነ…