እናትየዋ ልክ ናት ወይ?

ቤት ኤሊዔዘር፣ ሀደራ፣ እስራኤል
ኖቬምበር 20 ቀን 2025

የሆዴ ልጅ ሪናት፣

የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ጤና ነኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ግን ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀደው ሰነበትኩ።

ማክሰኞ ሞዓዶን፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ከምንውልበት ቤት፣ ሊራን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። እዚሁ የተወለደ የእኛው ሐበሻ ልጅ ነው። አማርኛውን እየሰባበረ ታሪክ ያነብና ልክ ነው ወይስ ጥፋት እያለ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹን ያወጣችው ሆላንድ ያለች ዶክተር ሪናት ናት ሲል ደስ አለኝ። ልጄ እኮ ሰው ደግና ክፉን በምን እንደሚለይ ነው የምታጠና ብዬ ለጎረቤቴ ለአለምወርቅ ሹክ አልኳት።

"በየሳምንቱ ትነግሪን የለም እንዴ" አለችኝ።

ሦስተኛውን ታሪክ አነበበ። አንዲት እናት ወንድ ልጇ ሞተባት። ሴት ልጇ በሰው አገር የዶክትሬቷን መጨረሻ ፈተና ልትፈተን ነው። እናትየዋ ፈተናው እስኪያልፍ መርዶውን ደበቀቻት። ወንድሜ እንዴት ነው ብትላት፣ ደህና ነው አለቻት። እናትየዋ ልክ ናት ወይ?

ጆሮዬን አላመንኩም። ወንድምሽን አሳፍን እኮ ነው፣ ሪናት። ስሙን ሳይጠራ የኔን ልጅ ነው ያነበበው። እዚያ የነበሩት ሁሉ ቀብሩ ላይ ነበሩ። የማያውቀው ሊራን ብቻ ነው።

ቀድመው የተናገሩት አባ አለልኝ ናቸው። "በባዕድ አገር ብቻዋን ስትወድቅ ማን ያነሳታል? ልክ ናት። በል ሌላ ጠይቅ" አሉት። የቀሩትም ልክ ናት አሉ። ሊራን ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ከተጠየቀው ብዙው ሰው ጥፋት ነው እንዳለ ነገረን። አለምወርቅ፣ እነሱማ ለቅሶ መች ያውቃሉ ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። "እማማ፣ እርስዎስ?"

"ልጅቷስ ምን አለች?" አልኩት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየ። "እሱ አልተጻፈም" አለኝ።

እኔም አላውቀውም። መጥተሽ አልቅሰሽ ተመለስሽ፤ መርዶውን ስለደበቅኩሽ ግን እስከዛሬ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ዝምታሽን ይቅርታ ነው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። ለካ የማያውቁኝን ሰዎች ስትጠይቂ ነበር።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ ከጎንሽ ሰው አያሳጣሽ። መልስሽ ደግ ከሆነ ደውይልኝ። ክፉ ከሆነ ግን በስልክ አይሁን፤ መጥተሽ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ ቦጋለች