ስፒል በከንፈር

ለእማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? አሁንም እንደዚያ አጎንብሰሽ ነው የምትሰፊው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል። ይህችን ለመጻፍ ሰባት ዓመት መፍጀቴ ያሳፍረኛል።

የራሴን ስፌት ቤት ልከፍት ነው ያልኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል? አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ስፒሎችሽን ከንፈርሽ ላይ ደርድረሽ ወደ ስፌት መኪናሽ ዞርሽ። ሲከፋሽ ሁሌም እንደዚያ ነበርሽ፤ የሚያያዝ ጨርቅ ሳይኖር እንኳ ስፒል ትነክሺያለሽ። ስፒል የነከሰን ሰው ማን ደፍሮ ያናግራል? እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ የራሴን ነክሼ ወጣሁ።

ከዚያ አገባሁ። ባለቤቴ ሳኮርፍ፣ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ሲሉኝ አልሰማ ብዬ!» እያለ ይስቅብኛል። ሴት ልጅም ወልጃለሁ፤ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን ዛሬ ከደብዳቤ በመስማትሽ ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ደንበኛ እየለካሁ ስለነበር ውጪ ወጥተሽ አትጫወቺም ብዬ ከለከልኳት። ቆይቼ ዞር ስል እጇን አጣምራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ መሃል ሦስት ስፒል። ክው አልኩ። ብጮህ ደንግጣ ትውጠዋለች። ተንበርክኬ መዳፌን ዘረጋሁላት፤ አንድ በአንድ አወጣችልኝ። ማን አስተማረሽ ብላት፣ «አንቺ ስትናደጂ እንደዚህ አይደል የምታደርጊው?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «እማ፣ ከዚያስ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እጅጌ መግጠም ካንቺ አየሁ፣ ጠርዝ መዘምዘም ካንቺ አየሁ። ከኩርፊያ እንዴት እንደሚወጣ ግን አንድም ቀን አላየሁም። አንቺም ከእናትሽ አላየሽ ይሆናል፤ አልፈርድብሽም። ለልጄ እንዲተርፍ ግን አልፈልግም።

እማዬ፣ በጣም ነው የናፈቅሽኝ። ጨርቅ ስቆርጥ መቀስ የያዘው እጄ ያንቺን መስሎ ይታየኝና ሥራ እፈታለሁ። እባክሽ ነይ። መንገዱ ከከበደሽ አንዲት መስመር ላኪልኝ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ልጅቷ ክንዴን ተደግፋ ስጽፍ እያየችኝ ነው። ለማን ነው ብትለኝ ለአያትሽ አልኳት። ትመልስልሻለች ወይ ስትለኝ፣ አብረን እንጠብቃለን አልኳት።

ልጅሽ