ዝይ የተሳለበት ቤት

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ
ፀዳል እንግሊዝ ገባች።

ኦገስት 7፣ ሐሙስ
ፍልሰታ ገባ። ብቻዬን ምስር በላሁ።
የአክስቷ ልጅ በርሚንግሃም ወልዳ ልታርሳት ነው የሄደችው... እንዲያ ነው ያለችኝ። ልጅቱ ማርገዟን ግን አንድ ቀን አንስታልኝ አታውቅም። ትኬቱ በአንድ ማታ ተቆረጠ። "ላድርስሽ" ብላት "ሮሆቦት ታደርሰኛለች" አለች። እዚህ ሰው አገር የኤርፖርት ሹፌር ነኝ እኮ! ባሏን ትታ ልጇን?

ኦገስት 10፣ እሑድ
ደምሰው ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። እዚያው እንግሊዝ አንዲት መንደር ውስጥ ምግብ ያበስላል። ፐብ ይሉታል፣ የገጠር መጠጥ ቤት። በሩ ላይ ዝይ ተስሏል፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ እሱ ከላይ ባለው ክፍል ይኖራል። ከምግቡ ይልቅ ቤቱን ነው የሚወደው።
"ጋሼ፣ ፋሲል ግንቡን ሳይሠራ እዚህ ቤት ቢራ ይቀዳ ነበር" ይለኛል። ባለቤቱ አንዲት መስኮት ልቀይር ቢል ቅርስ ነው ተብሎ ተከለከለ። "እኔንም ቅርስ ይበሉኝ፣ ግንባሬ በሩን እየገጨ አለቀ።" በሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ ተዘግቶ አያውቅም አሉ።
በየእሑዱ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ሰሞኑን ምንም።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ
ከሥራ ስገባ ሮሆቦት ሶፋ ላይ ስልኳን ታያለች። ከጀርባዋ አየሁት። እናቷ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ዝዩ ያለበት በር ላይ ቆማለች። በርሚንግሃም አይደለም! አንድ ረጅም ፈረንጅ ትከሻዋን ይዟል። በሩ ተዘግቷል፤ ደፉ ላይ አበባ ተደርድሯል።
"ሰውዬው ማነው?"
"ኖባዲ፣ ዳድ።" ስልኩን ገለበጠችው።
"እናትሽ በጾም መጠጥ ቤት ምን ትሠራለች?"
"ዳድ፣ ፕሊስ..." ተነሥታ ክፍሏ ገባች።
ፀዳል ጋ ደወልኩ።
"የት ነሽ?"
"በርሚንግሃም። ሕፃኑን እያጠብኩ ነው።"
የሕፃን ድምፅ የለም። የውሃም የለም። የእሷ ግን ጎርንኗል።
"ጉንፋን ነው" አለች።

ኦገስት 17፣ እሑድ
ከደምሰው ስልክ መልእክት መጣ። "ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።" ጋሼ የለ፣ ቀልድ የለ። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ያው ፐብ፣ ከጎኑ ትልቁ ዛፍ። ዛፉ አንድ ቅጠል የለውም። በኦገስት?
አሮጌ ፎቶ ነው የላከልኝ። ያ ፈረንጅ አለቃው ይሆን? እየሸፈነላት ነው። የገዛ ወንድሜ!
"እውነቱን ንገረኝ" ብዬ ጻፍኩለት።

ኦገስት 20፣ ረቡዕ
ተክለሚካኤል አብሮኝ ይነዳል። ሳይሰድበኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ አቀፈኝ።
"እንዴት ነህ ወንድሜ?"
"ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?"
"ቅዳሜ ጠዋት ሥራ እንዳትገባ። ሰዎች ይዤ እመጣለሁ።"
"የምን ሰዎች?"
"አንተ ደግሞ! ፖሊስ ነህ?" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።
ገባኝ። ሽማግሌ ነው። ልትፈታኝ ነው። ለካ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬ ያቋረጡት... ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኦገስት 22፣ ዓርብ
ፍልሰታ ሆነ፤ ዓርብ ስለዋለ ጾሙ የሚፈታው ነገ ነው። ፀዳል መጣች። ከስታለች። የሕፃኑን ፎቶ አሳዪኝ ብላት ባትሪ የለኝም አለች። ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ አንዱን አላውቀውም። የወንድ ሻንጣ ነው።
"ይሄ የማነው?"
"ነገ።"
እሺ፣ ነገ። ሽማግሌዎቹ ፊት የምለውን አዘጋጅቻለሁ። የምጀምረው ከፈረንጁ ነው።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ
መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ስልኬ ይጮኻል። ተክለሚካኤል ነው። አላነሳሁም።
ጠዋት ፀዳልና ሮሆቦት ሳይነሡ ወጣሁ። ሊያፋቱኝ ቢመጡም ባዶ ቤት አልቀበላቸውም ብዬ። ወተትና እንቁላል ይዤ እድላዊት ፊት ቆምኩ። ባለሱቋ።
"ጋሽ ምናሉ፣ እርስዎም ለለቅሶው ነው?"
"የምን ለቅሶ?"
"ተክለሚካኤል አሁን ውሃና ሶፍት ጭኖ ወጣ። መርዶ አለብን አለ። ሰውየው እስካሁን አልሰማም፣ ጾሙ እስኪፈታና ሚስቱ ቀብራ እስክትመለስ ነው የጠበቅነው አለኝ። ወንድሙ ነው አሉ፣ እንግሊዝ አገር..."
ፊቴን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።
"ጋሽ ምናሉ... የእርስዎ ወንድም የት ነው ያሉት?"
ስለ ቀሚሱ ጠይቄያለሁ። ስለ ፈረንጁ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ሻንጣው። ተዘግቶ የማያውቅ በር ለምን እንደተዘጋ ግን አልጠየቅሁም።
ወተቱንና እንቁላሉን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።