ማማዬ ይፍረስ ላሉት የፓርክ ኃላፊ

ለተከበሩ የቆላው ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በእኔ ማሽላ ለሚወፍሩት ከርከሮዎችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከዋጃ በታች ማሽላ የማርስ፣ ኡሙልኸይር የምባል ሴት ነኝ። በማሳዬ መካከል ያቆምኩት ማማ «ሕገ ወጥ የአደን ማማ» ነውና በዚህ ሳምንት ይፍረስ ማለትዎን ሰምቼ፣ መልሴን ሀገር ይስማው ብዬ በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር የዱር እንስሳትን መውደድ እንድንማር የቀበሌያችንን ገበሬዎች በአይሱዙ አስጭነው ፓርክዎን ስላስጎበኙን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስንጠጣ ስንውል፣ ባለ ጥቁር መነጽሩ አስጎብኚዎ የደረቀ በጠጥ እያሳየ እዚህ አጋዘን ነበረ፣ እዚያ ከርከሮ ነበረ እያለ ፓርኩን ሁሉ በነበር አስጎበኘን። አብረውን የነበሩት ሸህ ኑሀ ያለውን እንዲያሳየን፣ የነበረውንማ ራሳቸው ሊነግሩት እንደሚችሉ በትሕትና ቢያሳስቡት ተቆጣቸው። ከርከሮዎቹን ያየናቸው ማታ ስንመለስ ነው፤ ከነግልገሎቻቸው ማሽላዬ ውስጥ ነበሩ። የማሳው ጠባቂ ሁሉ ለጉብኝት ተጭኖ መሄዱን ሳያውቁ አልቀሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማማው ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ። በራያ ማሽላ እሸት ሲይዝ ሰው ማማ ላይ ይወጣል፤ ቀን ወፉን በወንጭፍ፣ ሌሊት ከርከሮውን በጩኸት ያባርራል። እናቴ እኔን አዝላ እዚያ ላይ ስትውል ማንም አዳኝ ብሎ አልጠራትም። ደግሞስ ከርከሮ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአፉ የማያዞረው እንስሳ አይደለም ወይ? አድኜ ምን ላደርገው ኖሯል? ከእኛ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ይህን ያላወቀ ጽሕፈት ቤት የአጋዘንን ጠባይ እንዴት አድርጎ እንዳጠና ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ ብዬ የምቆጥረው አቤቱታ የለኝም፤ የቀረኝ ንዴት ብቻ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ወጣ፤ ከወንዙ ዳር ካለችው ከዚህች ማሳ በቀር የበቀለልኝ የለም። እሷ ካለቀች ልጆቼ የሚበሉት የላቸውም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ፣ እርስዎም ንቀውኝ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ባልሰጡ ነበር። ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር አሳውቅዎታለሁ፦ ማማው አይፈርስም። ማሽላዬ ታጭዶ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ እዚያው ላይ ነኝ፤ ማፍረስ የፈለገ አስቀድሞ እኔን ያውርደኝ።

ለአውሬ ያለዎትን ርኅራኄ አላህ ለሰውም እንዲያተርፍልዎ እየለመንኩ፣ ያለ ፈቃዴ የሆንኩት የከርከሮዎችዎ ቀላቢ፣
ኡሙልኸይር
ከማማው ላይ

ማስታወሻ፦ በእኛ አገር እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም። አፍራሾቹን ሲልኩ ግን ስንቃቸውን አስይዘው ይላኩልኝ፤ የእነሱን ድርሻ ከርከሮዎችዎ ቀድመው በልተውታል።