የስድስተኛው ፎቅ ደወል ዕረፍት

በቡልጋሪያዋ ቪዲን ከተማ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ሰፈር የሚገኘው «ደጃፋችን ለሁሉ» የጎረቤታሞች ማኅበር፣ የአሥራ አራት ቁጥር ሕንፃ የስድስተኛ ፎቅ ደወል ባደረበት የሽቦ ሕመም ማረፉን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። መቼ እንዳረፈ በውል የሚያውቅ የለም።

ሟቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ተሰቅሎ፣ ከሕንፃው መግቢያ እስከ ወይዘሮ ጌኖቬቫ ፃንኮቫ ሳሎን ድረስ አገልግሏል። ቡልጋሪያዊ ይሁን ቱርክ፣ ባለቤት ይሁን ተከራይ፣ ለተጫነው ጣት ሁሉ እኩል ጮኋል። ከማኅበሩ አባላት ይህን ያህል ያደረገ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ወይዘሮ ጌኖቬቫ የማኅበሩን አምስት መርሆዎች በእጃቸው ጽፈው አቀረቡ። ሦስተኛው «ያልመጣ ጎረቤት ካለ፣ እኛ እንሄዳለን» ይላል። በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ በመስታወት ተደርጎ ተሰቀለ።

ዘንድሮ በየካቲት ሊፍቱ ቆመ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወይዘሮ ጌኖቬቫም ከስብሰባ ቀሩ።

መጋቢት 2፣ 6 እና 11 ቀን ልዑካን በሦስተኛው መርህ መሠረት ሄደው ከታች ደወሉን ተጫኑ። መልስ አልነበረም። መርሁ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚሄድ ስለማይገልጽ፣ ከደረጃው ግርጌ ተመልሰዋል።

መጋቢት 14 ቀን ማኅበሩ ከደወሉ ዝምታ ተነስቶ ሞተዋል ብሎ ደመደመና፣ በአገሩ ወግ የወይዘሮ ጌኖቬቫን የሞት ማስታወቂያ ከነፎቶው በመግቢያው በር ላይ ለጠፈ፤ ለነፍሳቸው መታሰቢያም የተቀቀለ ስንዴ በስኳር አድርጎ በግቢው አደለ። ወይዘሮዋ በመስኮት ሰው ተሰብስቦ ቢያዩ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው በአርባ ደቂቃ ወረዱ።

«ማን ሞቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ኦግኒያን።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ማስታወቂያውን አነበቡ፤ ከስንዴውም ቀመሱ።

«ስኳር አንሶታል። ፎቶው ግን ጥሩ ነው፤ እንዲህ አምሬም አላውቅ። ለመሆኑ ወጥቶ ያየኝ ማነው?»

ቃለ ጉባኤው «አቶ ኦግኒያን ስንዴ ጨመሩላቸው» ይላል።

«እኔ እኮ ደወሉ ዝም ቢል እናንተ ያለቃችሁ መስሎኝ፣ እዚያ ላይ ለብቻዬ ሻማ ሳበራላችሁ ከረምኩ። አንተ ኦግኒያን፣ ለአንተማ ሁለት ነው ያበራሁልህ፤ ኃጢአትህን አውቀዋለሁና።»

ከዚያ ተመልሰው ወጡ። የተከተላቸው የለም፤ ስንዴው ገና አላለቀም ነበር።

ማኅበሩ ለደወሉ ብቸኛ ቤተሰብ ለወይዘሮ ጌኖቬቫ መጽናናትን ይመኛል። ደረጃውን ስለመውጣት የሚያጠና ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴም አቋቁሟል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ምድር ቤት ነው።

እርማት፦ መጋቢት 14 ቀን በተለጠፈው ማስታወቂያ ወይዘሮ ጌኖቬቫ «በወዳጅ ጎረቤቶቻቸው እንደተከበቡ አረፉ» መባሉ ይታወሳል። ይህ በሁለት ነጥብ ታርሟል። አንደኛ፣ አላረፉም። ሁለተኛ፣ የከበባቸው ሰው አልነበረም።