በሰሚራ ስም የታሰረ ጀሶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ቀን 5፡20

ዛሬም ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ለጤና መድን ቢሯችን የመጣ የክፍያ ጥያቄ ቁልል። የመድን ቁጥር ማየት፣ የሪፈር ወረቀት ማየት፣ መፈረም። ሻይ እንኳ አልጠጣሁም። ከዚያ አንዱ ላይ ስደርስ ክው አልኩ።

«ከብብት እስከ ዳሌ ጀሶ፣ ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በፊት። ሁለተኛ ቅያሪ።» የታካሚ ስም፦ ሰሚራ ሰይድ። ዕድሜ 13። የመድን ቁጥሩ የእኛው ቤት።

ማስታወሻዬ፣ የእኔ ልጅ! ጠዋት ገመድ እየዘለለች ት/ቤት የሄደችው ልጄ! የምን ጀሶ? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ያው ቀን፣ ምሽት 1 ሰዓት

ሰሚራን አስጎንብሼ ጀርባዋን ዳበስኩ። ቀጥ ያለ። ሳቀችብኝ። አባቷ ግን አልሳቀም። ሰይድን አውቀዋለሁ፤ ጥፋት ሲኖርበት ጫማውን ያወልቅና መልሶ ያጠልቃል።

አውጣጣሁት። የመድን ደብተራችንን ገጠር ላለችው እህቱ ለዘሃራ አውሷታል። የልጇ የሐያት ጀርባ መጣመሙን አውቃለሁ። አዲስ አበባ የሚያሳክማት ዘመድ ተገኘ ብሎኝ ነበር። ዘመዱ ለካ የእኔ ደብተር ነው! ልጆቹ እኩያ ናቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ ማንም አልጠየቀም። በሬ ስንዋዋስ ኖረን ደብተር ባውሳት ምን ነውር አለው ይለኛል። ጮህኩበት። የሌላ ሰው ቢሆን እኮ ዛሬውኑ በቀይ እሰርዘው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘሃራ ዓምና ደብተሯን ልታሳድስ መጥታ ነበር። ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። መዝገቡ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ። ለከርሞ ነይ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 10። ከሰዓት

ኃላፊዬ ቁልሉ አለቀ ወይ አለኝ። አንድ ይቀረኛል አልኩ። መሳቢያውን ከፍቼ አየሁ። ጀሶው ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ጀርባዋ ትንሽ ሲቃና ሌላ ይታሰራል። እያንዳንዱ በሰሚራ ስም ተመዝግቧል። ብፈርም ማንም አያውቅም። ኧረ እኔ ምን እያሰብኩ ነው?

ሐሙስ፣ 11። ቀን 8 ሰዓት

ዘሃራ ከሆስፒታሉ ደወለች። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ነው። ማወቄን ሰይድ ነግሯት ኖሮ ታለቅሳለች። አብሽሪ አልኳት። ጨዋታ ለማስቀየር ሐኪሞቹ ምን አሉ አልኩ። ብዙ ጠየቁኝ አለች። የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ ሲሏት የለም ብላለች።

እንዴት የለም? ሐያት ትንሽ ሳለች ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ፣ ጤና ጣቢያ ደጅ ላይ አቅፌያት ነበር። ይህንኑ ብላት ምን አለችኝ?

«ውይ እህቴዋ፣ እሱማ የሐያት ነው። እኔ የተጠየቅሁት የሰሚራን። ሰሚራን ደሞ ወላሂ ምንም ነክቷት አያውቅ።»

ሁሉን እንደ ደብተሩ መልሺ ብሏታል ሰይድ፤ እሷም ቃሏን ጠብቃ መለሰች።

ስልኩን ሐያት ተቀበለቻት። ድምጿ ታፍኗል፤ ጀሶው በደንብ አያስተነፍሳትም። እኔ ስለ መርፌው ላስረዳት ስል እሷ በሌላ ነገር ተጨንቃለች።

«እትዬ፣ አስተኝተው ሲያነቁኝ ሰሚራ ብለው ነው እሚጠሩኝ። ባልሰማስ?»



ያው ቀን፣ 8፡40

የመርፌውን ብቻ ባስነግር ሌላው መልስ ሁሉ የሰሚራ ነው። እውነቱን ብናገር ሰኞ ላይሠሩላት ይችላሉ። የጀሶው ሂሳብ ሁሉ በእኛ ላይ ይወድቃል። ሰይድ ይጠየቃል። እኔም ከዚህ ወንበር እነሳ ይሆናል። ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ፣ በጣም ፈራሁ።

ወረቀቱን አወጣሁ። በቀይ፦ «ታካሚዋ የደብተሩ ባለቤት አይደለችም። ደብተሩ የእኔ የሂሳብ መርማሪዋ ቤተሰብ ነው።» ፈረምኩ። ለኃላፊው ከመስጠቴ በፊት ግን ሆስፒታሉ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች። የአልጋ ቁጥሩን ነገርኳት።

ሰሚራ ሰይድ ናት አይደል አለችኝ።

አይደለችም አልኳት።